ማን ታመመ፣ ማን ተረፈ

እ.ኤ.አ. በ1846፣ የማርች ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከኮፐንሃገን የተነሳች መርከብ በሰሜን አትላንቲክ ወደሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ደርሳ በቶርስሃቭን ወደብ መልሕቋን ጣለች። ከተሳፋሪዎቿ አንዱ አናጺ ነበር። አናጺው ከመሳፈሩ በፊት ኮፐንሃገን ውስጥ ኩፍኝ የያዛቸውን ሰዎች ጠይቆ ነበር፤ በጉዞው ላይ ግን ምንም አልሆነም። ቶርስሃቭን ከገባ ብዙም ሳይቆይ አተኮሰው፣ ሰውነቱ ሽፍ አለ፣ አልጋ ያዘ። ሁለት ሳምንት ያህል አለፈና ሁለት የቅርብ ጓደኞቹ ታመሙ። በሽታው ከእነሱ ወደ ጎረቤት፣ ከከተማው ወደ መንደሮቹ፣ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ተሻገረ። የደሴቶቹ ሕዝብ በጠቅላላ 7,800 አይሞላም ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 6,000 ያህሉን ኩፍኝ አዳረሰው። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የዴንማርክ መንግሥት ሁለት ወጣት ሐኪሞች ላከ። አንደኛው የ25 ዓመቱ ፒተር ሉድቪግ ፓኑም ነበር፤ ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ ዘመን ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብዙ ሊቃውንት ወረርሽኝ የሚነሳው ከተበከለና ከሚሸት አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፓኑም ለኩፍኝ የሚሆን መድኃኒት አልያዘም፤ ክትባቱም ገና አልተፈለሰፈም። የያዘው ማስታወሻ ደብተርና በየደጁ የሚደጋግመው ጥያቄ ነው። እዚህ ቤት ማን ታመመ? ማን ተረፈ? የታመመው ከማን ጋር፣ በየትኛው ቀን ተገናኘ?

በጀልባና በእግሩ እየተጓዘ 52 መንደሮችን ጎበኘ። መንደሮቹ በገደልና በባሕር የተለያዩ ስለነበሩ እንግዳ የመጣበት ቀን ከሰው ልብ አይጠፋም፤ ይህም ለሥራው ትልቅ ሀብት ሆነለት። ቲዮርኑቪክ ከምትባል መንደር ያገኘው ታሪክ ከሁሉ የጠራው ነው። ጁን 4 ቀን አሥር ወንዶች በአንድ ጀልባ ሄደው ቬስትማና ላይ በተደረገ የዓሣ ነባሪ አደን ተካፈሉ፤ እዚያ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ጁን 18 ቀን አሥሩም በአንድ ዕለት ሽፍታ ወጣባቸው። ፓኑም እንዲህ ያሉትን ቀኖች እያነጻጸረ ሲቆጥር፣ በሽታው ከተጋቡበት ዕለት እስከ ሽፍታው መውጣት ድረስ 13 ወይም 14 ቀን እንደሚያልፍ ደረሰበት።

ሁለተኛውን ግኝት የሰጡት አዛውንቶች ናቸው። ኩፍኝ ከዚያ በፊት ፋሮን የመታው በ1781 ነበር፤ 65 ዓመት አልፎታል። ፓኑም በዚያን ጊዜ በልጅነታቸው ታመው የነበሩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እየፈለገ ጠየቀ፤ ካገኛቸው መካከል ዳግመኛ የተያዘ አንድም አልነበረም። በ1781 በሽታው ያልደረሰባቸው እኩዮቻቸው ግን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አብረው አልጋ ላይ ወደቁ። ሁለቱም ያረጁ ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፣ አንድ አየር ይተነፍሳሉ። የሚለያቸው የ65 ዓመት ትዝታ ብቻ ነበር፤ አንዴ የታመመ ሰውነት በሽታውን ሳይረሳ ይኖራል ማለት ነው።

የፓኑም ታላቅነት ያለው ከታመሙት እኩል ጤነኞቹን መቁጠሩ ላይ ነው። ለበሽታ የሚያጋልጠው ምን እንደሆነ የሚመረምር ሰው ከታማሚው ደጅ ብቻ ቆሞ ቢጠይቅ የትም አይደርስም።

ከ72 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 1918 መጨረሻ ላይ)፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ በረታ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ አለው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው በመከራ ተረፉ፤ በከተማዋ ብቻ እስከ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቀባሪ ጠፋ። ወረርሽኙ የተነሳው ከቆሻሻ ክርፋት ነው የሚል እምነት አደረና፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጉድፉን ጠርጎ የማቃጠል ልማድ እስከ ዛሬ ዘለቀ። ይህን እምነት ለመንቀፍ የሚቸኩል ሰው ካለ፣ የዓለም ስመ ጥር ሐኪሞች በዚያው ሰሞን ቦስተን ላይ የገጠማቸውን ማወቅ ይኖርበታል።

ለሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ለሚልተን ሮዘናው ከባሕር ኃይል እስር ቤት 62 ወጣቶች ተመርጠው ቀረቡለት። ኢንፍሉዌንዛው እንዴት እንደሚተላለፍ በሚፈትነው ሙከራ ከተካፈሉ ምሕረት እንደሚደረግላቸው ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ቦስተን ወደብ አጠገብ ወዳለ ደሴት ተወሰዱ። በመጀመሪያ ከታማሚዎች አፍንጫና ጉሮሮ የተወሰደ ፈሳሽ በአፍንጫቸውና በዓይናቸው ተደረገ። ማንም አልታመመም። የታማሚዎች ደም ተወጉ፤ አሁንም ማንም አልታመመም። በመጨረሻ ሐኪሞቹ አሥር ወጣቶችን ይዘው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። እያንዳንዱ ወጣት ከአንድ ታማሚ አልጋ ጎን ተቀምጦ፣ እጁን ጨብጦ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል አወራው። ታማሚው ሲያስወጣ እሱ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ከዚያም ታማሚው ፊቱ ላይ አምስት ጊዜ ሳለበት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዶ ደገመው፤ አሥር ታማሚዎች እስኪዳረሱ ድረስ።

ከአሥሩ አንድም አልታመመም። በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ሌሎች 50 ወጣቶች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራም ውጤቱ ያው ሆነ።

በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የጨረሰ በሽታ፣ ሆን ብለው ሲፈልጉት ጠፋ። ሮዘናው በኋላ ላይ ስለዚህ በሽታ እናውቃለን ያልነውን በእርግጥ ማወቃችንን እንጃ ብሎ ጻፈ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከትልቅ ሳይንቲስት አፍ ሲወጣ ክብር ይገባዋል። ዛሬ የሚሰጠው ግምት ሁለት ነው። ወጣቶቹ ቀደም ብሎ ባለፈው ማዕበል ሳያውቁት ተይዘው ሰውነታቸው በሽታውን ለምዶት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ታማሚዎቹ በሽታውን ማስተላለፍ የሚችሉባቸው የመጀመሪያ ቀናት አልፈው ነበር። የፓኑም አዛውንቶች ያስነሱት ጥያቄ ቦስተን ላይ በቂ መልስ አላገኘም። ማን ከዚህ በፊት እንደታመመ በትክክል ሳይታወቅ ማን እንደሚታመም መፈተን አይቻልም።

ቀጣዩ እርምጃ እስከ 1933 መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት ለንደን ውስጥ ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌድሎው ከታመመ ሰው ጉሮሮ የወሰዱትን እጥበት ከባክቴሪያ አጣርተው ፌረት በተባለች ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ አፍንጫ ውስጥ ጨመሩ። ፌረቶቹ አነጠሱ፣ አተኮሳቸው፣ ኢንፍሉዌንዛ ያዛቸው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በእጅ ገባ። ከዚህ በኋላ ታማሚን በምልክቱ ብቻ መገመት ቀርቶ፣ ቫይረሱን ራሱን ከሰው አፍንጫ ማውጣትና በደም ውስጥ ምልክቱን መፈለግ ተቻለ።

በዚያው አሥርት ዓመት በአሜሪካ ዊልያም ዌልስ የተባለ የጤና አጠባበቅ መሐንዲስ ቫይረሱ የሚሄድበትን መንገድ ያጠና ነበር። ሰው ሲስል የሚወጡት ትልልቅ ጠብታዎች መሬት ላይ ይወድቃሉ፤ ትንንሾቹ ግን ገና አየር ላይ ሳሉ ውሃቸው ተንኖ ያልቅና የቀረው ብናኝ እንደ ዕጣን ጢስ ክፍሉን ሞልቶ ለረጅም ሰዓት ይንሳፈፋል አለ። ዌልስ ከሐኪም ባለቤቱ ከሚልድሬድ ጋር ሆኖ በፊላደልፊያ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች የላይኛውን አየር የሚያጠራ የአልትራቫዮሌት መብራት ሰቀለ። በ1941 ከተማዋን ኩፍኝ ሲያጥለቀልቃት መብራቱ ባለባቸው ክፍሎች የተያዙት ልጆች መብራት ከሌለባቸው በጣም ያነሱ ሆኑ። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፤ የተለወጠው የሚተነፍሱት አየር ነው። በሌሎች ከተሞች የተደረጉ ተከታይ ሙከራዎች ይህን ያህል ግልጽ ውጤት ስላላስገኙ የዌልስ ሐሳብ ለአሥርት ዓመታት ወደ ዳር ተገፋ። የዚህ ቸልታ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ዓለም ያየው በ2020 ነው።

አሁን ታሪኩ ረዘም ላለ ጊዜ ወደሚቆይበት ስፍራ፣ በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ሶልዝበሪ ከተማ ይሄዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ቀይ መስቀል ወረርሽኝ ቢነሳ ብለው እዚያ የእንጨት ሆስፒታል ሠርተው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ለብሪታንያ ተሰጠ፤ በ1946 ደግሞ የፌረቱ ሰው ክሪስቶፈር አንድሩስ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ አደረገው።

ጣቢያው በጋዜጣ ማስታወቂያ በጎ ፈቃደኞች ይጠራ ነበር፤ አሥር ቀን ነፃ ምግብና መኝታ፣ ጥቂት የኪስ ገንዘብ፣ የእግር ጉዞ የሚደረግበት አረንጓዴ ሜዳ፤ በምላሹ ጉንፋን ሊይዛችሁ ይችላል። ተማሪዎች ለፈተና ለማጥናት መጡ። አዲስ ተጋቢዎች ለጫጉላ ሽርሽር መጡ። ሰዎቹ ሁለት ወይም ሦስት እየሆኑ በተለያዩ ቤቶች ይኖራሉ፤ ከቤታቸው ውጭ ካለ ሰው ዘጠኝ ሜትር ያህል መራቅ አለባቸው፤ ምግብ በራቸው ላይ ይቀመጥላቸዋል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ዝም ተብለው ይታያሉ፤ ጉንፋን ይዞ የመጣ ካለ ይታወቅ ዘንድ። ከዚያም ሐኪሙ አፍንጫቸው ውስጥ ጠብታ ይጨምራል። ለአንዳንዶቹ ቫይረስ ነው፤ ለሌሎቹ ተራ የጨው ውሃ። የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ነርሶቹ በየቀኑ የሙቀት መጠናቸውን ይለካሉ፤ የተናፈጡበትን ወረቀት ሳይቀር ይቆጥራሉ። እስከ 1989 ድረስ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በር ገብተው ወጥተዋል።

አንድሩስ ቀድሞ ከነካቸው ጥያቄዎች አንዱ እኛም ቤት በሚገባ የታወቀ ነው። ብርድ ጉንፋን ያስይዛል ወይ? ፈቃደኞቹ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ቫይረስ ብቻ ተሰጣቸው። ሁለተኛዎቹ በሙቅ ውሃ ታጥበው ሳይደርቁ ንፋስ በሚያልፍበት መተላለፊያ ላይ እስኪንቀጠቀጡ ግማሽ ሰዓት ቆሙ፤ ከዚያም ረፋዱን በእርጥብ ካልሲ ዋሉ። ሦስተኛዎቹ ሁለቱም ደረሰባቸው። ብርዱን ብቻ የቀመሱት አልታመሙም። ቫይረስና ብርድ የተደረበባቸው ቫይረስ ብቻ ከተሰጣቸው ይበልጥ የታመሙ መሰለ፤ አንድሩስ ተደሰተ። ሙከራውን ሲደግመው ግን ውጤቱ ተገለበጠ። እዚህ ላይ ሊደነቅ የሚገባው መድገሙ ነው። የፈለገውን መልስ ካገኘ በኋላ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የብርዱ ነገር በሳይንስ ስም በየመጽሐፉ በጸደቀ ነበር።

በ1968 አሜሪካውያን ሐኪሞች በቴክሳስ እስረኞች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ብርዱ ለውጥ አያመጣም አሉ። ክርክሩ ግን አልሞተም፤ በ2005 በካርዲፍ 90 ሰዎች ባዶ እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ነክረው ቆዩ፤ ሌሎች 90 ሰዎች ደግሞ ባዶ ገንዳ ውስጥ። በቀጣዮቹ ቀናት ከመጀመሪያዎቹ 13፣ ከሁለተኛዎቹ 5 ሰዎች ጉንፋን ጀመረን አሉ። ቫይረስ መኖሩ ግን በምርመራ አልተረጋገጠም። ስለዚህ በእርግጠኝነት ማለት የሚቻለው ይህ ነው፦ ቫይረስ በሌለበት ብርድ ብቻውን ጉንፋን አይወልድም። አስቀድሞ አፍንጫ ውስጥ የተደበቀን ቫይረስ ይቀሰቅስ እንደሆነ ግን ጥያቄው አልተዘጋም።

ሶልዝበሪ ሰዎችን ከቤታቸው አውጥቶ ሲያጠና፣ በ1948 የክሊቭላንዱ ሐኪም ጆን ዲንግል እቤታቸው ሄዶ ማጥናት ጀመረ። የመስክ ሠራተኞቹ በየሳምንቱ ቤተሰቦችን እየጎበኙ፣ እናቶች በየቀኑ የሚሞሉትን መዝገብ እየሰበሰቡ ለአሥር ዓመት ያህል ቆዩ፤ በመጨረሻ 25,000 ያህል ሕመሞች ተመዘገቡ። ጉንፋንን ወደ ቤት የሚያስገቡት በአብዛኛው ትንንሽ ልጆች እንደሆኑ፣ በተለይም ትምህርት ቤት የጀመሩት፣ ከልጆቹ ጋር አብራ የምትውለው እናትም ከአባትየው ይበልጥ እንደምትታመም ከመዝገቡ ወጣ። ለማንኛዋም እናት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን እናት ብቻ የምታውቀው ነገር በቁጥር ሲጻፍ ክትባት ለማን ይቅደም፣ ትምህርት ቤት መቼ ይዘጋ ለሚሉ ውሳኔዎች መሠረት ይሆናል።

በ1960ዎቹ ሶልዝበሪን የሚመራው ዴቪድ ታይረል፣ በመደበኛው ዘዴ አልበቅል ያለ የጉንፋን ቫይረስ ከአንድ የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጅ አፍንጫ አገኘ። ናሙናውን ለንደን ላለችው ለጁን አልሜይዳ ላከላት። አልሜይዳ የግላስጎው የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ ነበረች፤ በ16 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ በላብራቶሪ ቴክኒሺያንነት ጀምራ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አቻ የማይገኝላት ባለሙያ ሆናለች። ቫይረሱን አየችው፤ ዙሪያውን እንደ አክሊል የከበበው ነገር ነበረ። በ1968 ይህ ቤተሰብ ኮሮናቫይረስ የሚል ስም ተሰጠው። በዚያን ጊዜ በሰው ላይ ከተራ ጉንፋን በላይ ጉዳት ያደርሳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

በ1977 ደግሞ ማንም ያላቀደው ሙከራ አላስካ ላይ ተከሰተ። 54 ሰዎች የያዘ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ ለጥቂት ሰዓታት መሬት ላይ ቆመ። የአየር ማናፈሻው ጠፍቶ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ኢንፍሉዌንዛ ጀምሯታል። በሦስት ቀን ውስጥ ከቀሩት ሰዎች 72 በመቶው ታመሙ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩት ደግሞ ቶሎ ወርደው ከተጠባበቁት ይበልጥ ተያዙ። የተዘጋ ክፍል፣ የማይንቀሳቀስ አየር፣ የቆይታ ርዝመት፤ ዌልስ ከ40 ዓመት በፊት የተናገረው ሁሉ በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ተሰብስቦ ታየ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ጥናት በአብዛኛው ቫይረሱ ወደ ሰው የሚደርስበትን መንገድ ይመለከታል። ግን ቫይረሱ ለሁሉም እኩል ቢደርስስ? ሶልዝበሪ ውስጥ ሁሌም ይታይ የነበረ አንድ ነገር አለ። ተመሳሳይ ጠብታ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሐኪም እጅ የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች፤ አንዱ ያነጥሳል፣ ሌላው ደህና ነው።

ከፒትስበርግ የመጣው የሥነ ልቦና ሊቅ ሼልደን ኮኸን ይህን ልዩነት ይዞ ከታይረል ጋር ሠራ። ከ1986 ጀምሮ 394 ጤነኛ ሰዎች ከአምስት የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች አንዱ ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ባለፈው ዓመት የደረሰባቸውን ችግር፣ ሕይወታቸው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ይሰማቸው እንደሆነ፣ ሐዘንና ንዴታቸውን ሳይቀር በመጠይቅ ሞሉ። ውጤቱ በ1991 ታተመ። ጭንቀታቸው አነስተኛ ከሆነው መካከል በግልጽ ጉንፋን የያዛቸው 27 በመቶ ሲሆኑ፣ ጭንቀት ከበዛባቸው መካከል 47 በመቶ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ማጨስን፣ መጠጥን፣ ምግብን፣ እንቅልፍንና ስፖርትን ከሒሳቡ ቢያወጡም ልዩነቱ አልጠፋም። ኮኸን ቀጥሎ ባደረገው ጥናት ጉዳት የሚያደርሰው የአንድ ሰሞን ጭንቀት እንዳልሆነ አሳየ፤ ከወር በላይ የዘለቀ ሥራ አጥነትና ከቤተሰብ ወይም ከወዳጅ ጋር ያለ ጠብ ነበር ክፉው።

ጣቢያው በ1989 ሥራውን ሲያቆም ኮኸን ዘዴውን ፒትስበርግ ወሰደው። በጁን 1997 ያሳተመው ውጤት ብዙ ሰው አስገረመ። 276 ሰዎች ከትዳር ጓደኛ፣ ከወላጅ፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከሃይማኖትና ከሌላ ማኅበር ጋር ያላቸው ግንኙነት ተቆጠረ። ከአንድ እስከ ሦስት ዓይነት ግንኙነት ብቻ ያላቸው ሰዎች፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ካላቸው ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ብዙ ሰው የሚያውቅ ብዙ ቫይረስ ያገኘዋል ብለን ለምናስብ ነገሩ ግራ ያጋባል። ግን እዚህ ቫይረሱን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፤ የሚለካው የሰውነት ጽናት ብቻ ነው። ኅብረተሰቡ በየእድሩና በየቡናው የሚጠብቀው ነገር በአፍንጫ ውስጥ ሳይቀር ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በዚያው ወር፣ በላንሴት መጽሔት፣ ከአዲስ አበባ የተላከ ጥናት ወጣ። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች ታማሚ ሕፃናትን ከሌሎች 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። የሳንባ ምች ከቫይረስም ከባክቴሪያም ይመጣል፤ ጥያቄው ግን ያው የፋሮው ጥያቄ ነበር። ከታመሙት 210 ያህሉ አጥንት የሚያለሰልሰው የሪኬትስ በሽታ ነበረባቸው፤ ከማነጻጸሪያዎቹ ግን 20 ብቻ። የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት መጨናነቅና ሌሎች ምክንያቶች ተቀንሰው እንኳ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ ነበር። ሪኬትስ የሚመጣው በአብዛኛው ከቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከፀሐይ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በሚወጣበት አገር ሕፃናት በጨርቅ ተጠቅልለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ያድጉ ነበር። ይህ ጥናት በአገራችን ከተሠሩት ሁሉ በይበልጥ ሊነገርለት ሲገባ፣ የሚያውቁት ሐኪሞች ብቻ መሆናቸው ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ ፒትስበርግ ላይ የተገኙት ውጤቶች ተከታተሉ። በ2004 ወላጆቻቸው የራሳቸው ቤት በነበራቸው ጊዜ ያደጉ አዋቂዎች ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ጉንፋን እንደሚይዛቸው ታየ፤ የልጅነት ድህነት ከብዙ ዓመት በኋላ በአዋቂ አፍንጫ ውስጥ ተነበበ ማለት ነው። በ2015 ደግሞ 164 ሰዎች እንቅልፋቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ እጃቸው ላይ አስረው ለሳምንት ቆዩና ቫይረስ ተሰጣቸው። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ከአራት እጥፍ በላይ ለጉንፋን ተጋልጠው ተገኙ።

ከዚያም 2020 መጣ። ማርች 10 ቀን በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጊት በተባለ አውራጃ፣ 61 የመዘምራን አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል ልምምድ ተሰበሰቡ። ስለ አዲሱ በሽታ ስለ ኮቪድ ሰምተዋል፤ እጃቸውን በሳኒታይዘር አጽድተዋል፣ ከመተቃቀፍ ተቆጥበዋል። ከመካከላቸው አንድ ሰው ጉንፋን ነገር ነበረው። በኋላ ሲቆጠር 53 ሰዎች ታመው ነበር፤ ሁለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የመጀመሪያውን ታማሚ አስታወቀ።

በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ በአየር የሚተላለፍ አይደለም ብሎ ነበር። የትምህርቱ ሁሉ ክብደት እጅ መታጠብ ላይ ወደቀ። በአዲስ አበባ ባንክና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የውሃ በርሜልና ሳሙና ተደረደረ፤ ሚኒባስ ታክሲዎች የሚጭኑት ሰው በግማሽ ተቀነሰ። መቀነሱ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ንፋስ ይመታኛል ብሎ የታክሲ መስኮት የሚያዘጋ ተሳፋሪ ባለበት ከተማ፣ ክፈቱ የሚለው ምክር ከሳሙናው እኩል ጮክ ብሎ መነገር ነበረበት። የስካጊት መዘምራን እጃቸው ንጹሕ ነበር፤ ያጠቃቸው አብረው የተነፈሱት አየር ነው። ድርጅቱ መመሪያውን ያስተካከለው በ2021 ሲሆን፣ ዌልስ የጻፈው ከዚያ ከ80 ዓመት በፊት ነበር። ይህን ያህል ዘመን የባከነበት ዕውቀት ብዙ ነፍስ አስከፍሏል።

በ2021 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች የሶልዝበሪን ዘዴ ለኮቪድ አዋሉት። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 የሆነ፣ ከዚህ በፊት ያልታመሙና ያልተከተቡ 36 ፈቃደኞች በሆስፒታል ክፍል ለብቻቸው ገብተው እጅግ ጥቂት ቫይረስ በአፍንጫቸው ጠብ ተደረገላቸው። ውጤታቸው ከተቆጠረው 34 ሰዎች 18ቱ ተያዙ፤ 16ቱ አልተያዙም። በጠና የታመመ አልነበረም። ቫይረሱ መጀመሪያ ጉሮሮ ላይ ታየ፤ ከዚያ አፍንጫ ውስጥ እጅግ በዛ።

ያልተያዙት ለምን ተረፉ? ከፈቃደኞቹ የ16ቱ ናሙና ሴል በሴል ተመርምሮ በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲወጣ ሦስት ዓይነት ሰዎች ተለይተው ታዩ። ስድስቱ በደንብ ተይዘዋል። ሦስቱ ቫይረሱ ለአጭር ጊዜ ታይቶባቸው ጠፍቷል፤ አፍንጫቸው ውስጥ ያለው መከላከያ ከታመሙት ቀድሞ ነቅቶ ነበር። ሰባቱ ላይ ቫይረሱ ሥር መያዝ አልቻለም። በሽታው ባልጸናባቸው ሰዎች ውስጥ ኤችኤልኤ-ዲኪውኤ2 የተባለው ጂን ጠብታው ከመሰጠቱ በፊትም ይበልጥ ይሠራ ነበር። ይህ ጂን ከሰው ሰው ለምን እንደሚለያይ፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀትና የልጅነት ኑሮ ይነኩት እንደሆነ ገና አልተነገረም። በአዛውንቶችና በሕፃናት አፍንጫ ውስጥም እንዲሁ ይሠራ እንደሆነ በዚያ ሙከራ ሊታይ አልቻለም፤ ኮቪድ አብዝቶ የሚገድላቸውን ሰዎች ጠርቶ ቫይረስ መስጠት ሕጉም ሕሊናም አይፈቅድምና፣ የእነሱ መልስ ከቤት ወደ ቤት በሚደረግ ቆጠራ መፈለጉን ቀጥሏል።